ትራሱን ማን አጠበው?

ጥብርያዶስ ላይ፣ ከሆቴሉ በታች፣ መስኮት በሌለበት፣
አምስት ማጠቢያዎች ቀንና ሌሊት የሚያገሱበት፣
አንሶላ ከነላቡ ገብቶ ነጭ ሆኖ የሚወጣበት፣
እዚያ ነው እንጀራዬ፤ ስድስት ቀን የምውልበት።

በቀን አራት መቶ የትራስ ልብስ አጥፋለሁ፤
ጠርዙን ከጠርዙ ገጥሜ፣ በመዳፌ ዳምጬ፣ እቆልላለሁ፤
የኩል እድፍ፣ የሽበት ቀለም፣ አንዳንዴ የደም ነጥብ አያለሁ፤
ማን እንዴት እንዳደረ ከጨርቁ ላይ አነባለሁ።

እሑድ ቅዳሴ ሲገባ የእኔ ፈረቃ ነው፤
አለቃዬ ዚቫ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሕጓ ግን ሕግ ነው፦
"ቅዳሜ ዘጋን፤ እሑድ የሥራ መጀመሪያ ነው።"
ሦስት ዓመት ሙሉ እግዚኦታውን የሰማሁት በስልክ ነው፤
በአንድ ጆሮዬ ቄሱ፣ በአንዱ ሞተሩ፤
ማን እንዳሸነፈ የሚያውቅ እሱ ራሱ ነው።

አባቴ ገበሬ ነበር፤ ወሩን በበዓል የሚቆጥር፤
በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ ሞፈር የማያስር።
"ታቦት አብዝቶ ደኸየ" ሲሉት ሰምቻለሁ፣ ከአጥር ሥር፤
እሱ ሲሞት ማልሁ፦ እጄን አላስቀምጥም፣ አይስቅብኝም ችጋር።

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ ኢየሩሳሌም ወጣሁ፤
ዴር ሡልጣን፣ ከጣራው ላይ፣ ከጭቃ ጎጆዎቹ ደጅ፣
አባ ተክለ አልፋ ጫማቸውን ይሰፋሉ በገዛ እጅ።
"አባቴ፣ ሰንበቴን ወሰዱብኝ" አልኳቸው፤ "እሑዴን የበላብኝ
ይህ አገር ነው፤ እኔስ መቼ ቤቱን ጠላሁ፤ እርስዎ ይፍረዱኝ።"
ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ቀና ብለው አዩኝ፤
"ቅዳሜስ?" አሉኝ።

ቅዳሜስ።
ቅዳሜ ከተማው ይዘጋል፤ አውቶቡስ ይቆማል፤ ምድር ቤቱም ዝም፤
እኔ ግን ባልዲ ይዤ ዳገቱን ስወጣ የሚያየኝ የለም።
የላሪሳ እንግዳ ማረፊያ፤ ስምንት ክፍል፣ አርባ ሁለት ደረጃ፤
ሼቅሉ በእጅ፣ ሂሳቡ ያለ ማስረጃ።

"ቀዳሚትም ሰንበት ናት፤ አባቶቻችን ሁለቱን አክብረው ኖሩ፤
አንዷን ወሰዱብሽ እንበል፤ ሌላዪቱን ማን ሸጣት?"
ብለው ወደ መርፌያቸው ዞሩ።
ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልጨመሩ።

እንግዲህ ይህ ባሕር ያ ባሕር ነው።
ሕዝብ ሲፈውስ ውሎ፣ ጌታ እንደ ሰው ደክሞት፣
ከታንኳው ኋላ፣ ትራስ ላይ፣ እንቅልፍ የወሰደበት።
ማዕበሉን ስለ መገሠጹ ስብከት ጠግቤያለሁ፤
ስለ እንቅልፉ ግን አንድም ቀን ሰባኪ አልሰማሁ።
እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይሆናል፦
ያንን ትራስ ማን አጠበው?
የትኛዋ ሴት ናት፣ በዚህ ጠጠር ላይ ደብድባ በፀሐይ ያሰጣችው፣
"ለደከመው ይሁን" ብላ ታንኳው ውስጥ የወረወረችው፣
የማን ራስ እንደሚያርፍበት ሳታውቀው?
እሷንስ ማን "ተኚ" አላት?

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ላሪሳን "አልመጣም" አልኳት።
ወንድሜ ይበልጣል ከሌሊት ጀምሮ ይደውላል፤
"ጣራው ያፈሳል፣ የልጆቹ ክፍያ ደርሷል፣
እኛ ስንሰጥም ዝም ትያለሽ?" ይላል።
ስልኩን ጫማዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያም ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጆቼን አያለሁ፤ ማረፍ አያውቁም፤
ነጠላዬን አጠፉት፣ ፈቱት፣ ደግመው አጠፉት፤
ጠርዝ ከጠርዝ፤ አልቆሙም።
ተውኳቸው።
በአራተኛው ከራሴ ሥር አደረግሁት።

ነገ አራት መቶ የትራስ ልብስ አለ። ጣራውም ያፈሳል።
ነፋሱ ገና አልቆመም፤
ተኛሁ።